ኖራ ሳናሰምር የገነባነው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤ ዳቦ አስቆረሱኝ። ሁሉም ጥሩ ነበር። ኋላ ግን አንድ ወጣት አስተማሪ ለንግግር ተነሣና፣ «ጋሽ ጌታቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቻችን መሣሪያ ሲያድሉ የኖሩ ትጉህ ሠራተኛ ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ። ዳቦዬን ግን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

መሣሪያ አዳይ። ማለቴ፣ ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔን የሚያውቀኝ ጉልበቴ ካስቸገረኝ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጬ መዶሻና ሜትር ሳስፈርም ነው። ቢሆንም እስከ ካዛንቺስ ድረስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስሟገት መጣሁ። ወያላው ሳይቀር «ፋዘር፣ ሰላም ነው?» አለኝ። ሰላም አልነበረም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ብነግራት፣ ታዲያ ምን ነበር የምትሠራው ብላ እሷው መልሳ ጠየቀችኝ። ስንት ዓመት አንድ ገበታ የበላን ሰዎች ነን። እሷም በቅጡ ካላወቀች እንግዲያው ልጻፈው አልኩ።

ሥራዬ ይሄ ነበር። አካፋ ይዘው የማያውቁ የዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ልጆችን ከግቢ አውጥቼ፣ ሰው መንደር አስገብቼ፣ ለሰው የሚጠቅም ነገር በእጃቸው እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ወረቀት ላይ መጠሪያዬ «የወርክሾፕ ቴክኒሻን» ይላል። የደመወዙን ነገር አታንሡት። የጡረታ ደብዳቤዬም ፊርማ ፍለጋ ስንት ቢሮ እንደዞረ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ይለፍ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በትምህርት ሳይሆን በግንብ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነልኝም። አባቴ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ «በል እንግዲህ እጅህን አስተምረው» ብሎ ሰንጋ ተራ፣ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ግንበኛ ዘንድ ወሰደኝ። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት አካባቢ ያኔ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ የእኛም እንጀራ እዚያው ነበር።

ጋሽ ወርቁ ወሬ አይወዱም። ቱምቢያቸውን፣ ያቺን የግድግዳ ቀጥታ የሚያዩባትን ባለ ክር ብረት፣ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለው ከኮታቸው ኪስ አይለዩዋትም፤ ለማንም አያውሷትም። ሥራህ ካማራቸው «ቀጥል» ይላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ምስጋና ከአፋቸው አልሰማሁም። ካላማራቸው ደግሞ አይቆጡም። ምሳቸውን ይዘው መጥተው፣ ያ የጠመመ ግድግዳህ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ቀስ ብለው ይበላሉ። አንዴ ይጎርሳሉ፤ አንዴ ቀና ብለው ግድግዳውን ያያሉ። ማንም ሳይነግርህ ራስህ መዶሻ አንሥተህ ታፈርሰዋለህ። እኔ እንደዚያ ሦስት ግድግዳ አፍርሻለሁ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ሌላ ግንበኛ ሲያደርገው አላየሁም። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ቤቱን መሬት ላይ በኖራ ያሰምሩታል። ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ አልጋው የት እንደሚሆን፣ ምድጃው ሳይቀር። ከዚያ ባለቤቶቹን ጠርተው «ግቡና ኑሩበት» ይላሉ። ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ የቱ ቤት ውስጥ ይላል። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ባልየው እያፈረ በኖራው በር ይገባል፤ ቁጭ ይላል፤ እግሩን ይዘረጋል። ሚስትየው ምድጃው ጋ ጎንበስ ትልና፣ ውይ በሩ ሲከፈት ወገቤን ሊለኝ ነው ትላለች። ጋሽ ወርቁ ያኔ ይነሡና ኖራውን በጫማቸው አጥፍተው በሩን ያዞሩታል። «ሰው በአፉ የማይነግርህን ጎንበስ ቀና ሲል ይነግርሃል» ይሉኝ ነበር።

ከሳቸው ጋር ዐሥር ዓመት ግድም ሠርቼ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል ተወዳድሬ ገባሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሲበዛ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ግን ተማሪ ከግቢ ወጥቶ እጁን ቢያቆሽሽ ዲግሪው አብሮ የሚቆሽሽ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በየሴሚስተሩ ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ግድግዳ እንሠራለን፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እናፈርሰዋለን። ብሎኬቱ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች እንዲተርፍ የምናያይዘው በሲሚንቶ ሳይሆን በጭቃ ነው። ልጆቹ ተደግፈውት ፎቶ ይነሣሉ፤ እነሱ ወጥተው ሲሄዱ እኔ አፈርሳለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ዶክተር ሰብለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆነው መጡ። አጭር፣ ፈጣን፣ አንዴ የተናገሩትን የማይደግሙ ሴት ናቸው። በመጡ በሳምንታቸው ወርክሾፕ ገቡና ግድግዳውን ዞረው አዩት።

«ይሄ የማነው?» አሉኝ።

«የማንም አይደለም፤ መለማመጃ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ጠሞ ቢሠራ ማን ይጣላቸዋል?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወጡ። በዚያው ወር ለቀበሌዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ ማኅተም ለማስመታት ጫማዬ አለቀ፤ በቃ፣ ባለቤት ያለው ግድግዳ መሥራት ጀመርን።

መጀመሪያ የወጣነው ወደ ራሴ ሰፈር ነው። ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ጀርባ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ይወድቅበታል። ክዳን ልንሠራለት ሃያ ተማሪ ይዤ ሄድኩ። የሰፈሩ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ አካፋውን እንደ ማንኪያ ያዙት እያሉ ሳቁባቸው። እስከ ቀትር የግማሹ መዳፍ ውሃ ቋጠረ። ታምሩ የሚባል ልቡ ያበጠ የሰፈሩ የቀን ሠራተኛ አብሮን ነበር። አንድ ተማሪ ወረቀት ላይ አስልቶ፣ ለክዳኖቹ ሠላሳ አራት ባሬላ አሸዋ ይበቃል ሲል፣ ታምሩ በዓይኑ ለክቶ አርባ ነው ብሎ ተወራረደ። ተረት ቢሆን ታምሩ ያሸንፍ ነበር። አላሸነፈም። በሠላሳ አራተኛው ባሬላ ሥራው አለቀ። ታምሩ ባሬላውን አስቀመጠና፣ እስቲ እንዴት እንዳሰብከው አሳየኝ አለው። ሁለቱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ በከሰል ብሎኬት ላይ እየጻፉ ሲያሰሉ አየኋቸው። በምላሹ ታምሩ ልጁን ወገቡን ሳያመው በአካፋ መዛቅ አስተማረው። እኔ ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ከዚያ ወሎ ሰፈር የትምህርት ቤት አጥር ሠራን፤ ቂርቆስ ውስጥ የቦኖ ውሃ ጠገንን። የትም ስሄድ የኖራ ከረጢቴ አብራኝ ናት። ተማሪዎቹ «የጋሽ ጌታቸው ትያትር» ብለው ስም አወጡላት። ይሳቁ። ቦኖው ጋ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው ኖራው ላይ ጎንበስ ብለው ለመነሣት ሲቸገሩ አይተን ነው ማስቀመጫውን ከፍ ያደረግነው። ማንም ቢጠይቃቸው ወገቤን ያመኛል አይሉም ነበር።

አሁን ላለመጻፍ ያመነታሁበት ጋ ደረስኩ። ከላንቻ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ነበር። ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም፤ ሙስሊሞቹ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሽንት ቤት አልነበረም። ሁሉም የሚጠቀመው በድንጋይ ደረጃ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ባለች የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሽንት ቤት ልንሠራላቸው ተስማማን፤ ተማሪዎቹም ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውን መጠየቅ ጀመሩ።

ማህሌት የምትባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ አንዴ የያዘችውን ነገር የማትለቅ ልጅ። እሷ ጋሽ ሰይድ ቤት ገባች። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ደም ብዛት ግራ እግራቸውን ካደከመው ወዲህ ቤት የዋሉ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ የምትጦራቸው ልጃቸው ዘይነብ ናት። ማህሌት ምን እንደሚፈልጉ ስትጠይቃቸው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ሽንት ቤት ሰው ሳይደግፈኝ በራሴ እግር መሄድ ነው። ዘይነብ ሴት ልጄ ናት። በቀን ሦስት አራቴ ብብቴን ይዛ ያንን ደረጃ ስታወርደኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ።»

ማህሌት ቃላቸውን እንዳለ ደብተሯ ላይ ጽፋ መጣች። ንድፉንም ያወጣችው ለሳቸው ብላ ነው፤ አልደበቀችም። ግቢው ጥግ ላይ አራት ክፍል፤ ከጋሽ ሰይድ ደጃፍ ዐሥራ አራት እርምጃ፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱን ሙሉ ግድግዳው ላይ የብረት መደገፊያ። ሥዕሉን አይቼ «ቀጥይ» አልኳት።

ልንጀምር ስንል ዶክተር ሰብለ ቢሮ ጠሩኝ። ለፕሮግራሙ ሲሚንቶና ብረት የሚያቀርቡልን ሰዎች ሊጎበኙ ነው፤ ቀኑ ቀርቧል፤ ያለቀ ነገር ካላዩ የሚቀጥለው ዓመት ልጆች ከግቢ መውጣታቸው ያጠራጥራል። እሺ አልኩ። በማግስቱ ላንቻ ስደርስ ማህሌት የኖራውን ከረጢት ይዛ ቆማለች።

«ጋሽ ጌታቸው፣ እናሰምር? ጋሽ ሰይድንና ሌሎቹን ልጥራቸው?»

«ሽንት ቤት እኮ ነው» አልኳት። «ሽንት ቤት ውስጥ ምን የሚኖር አለ? ቆፍሩ።»

ይቺ ቃል ከአፌ ባትወጣ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን እንደ ረገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራው እንደ ሥራ እንከን አልነበረውም፤ ይሄንን ማንም አይወስድብኝም። ጉድጓዱን በድንጋይ ገነባን። ወለሉን ከላይ በፌሮና በኮንክሪት ሞላን፤ ጣውላው እንዳይጣበቅ የተቃጠለ ዘይት ቀባን። የእግር መርገጫዎቹን ጠርዝ በግንበኛ ማንኪያ ጀርባ አሽተን አለሰለስን፤ ባዶ እግር የሚረግጥም አይጎዳ። ማህሌት ፌሮ ስታስር ሽቦው መዳፏን ቆረጠው፤ በጨርቅ ጠምጥማ ቀጠለች። አራቱንም በሮች ወደ ግቢው፣ ወደ ደቡብ አደረግን። መርገጫዎቹም ፊታቸው ወደ በሩ ነው። እንግዲህ ሰው ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ጀርባው ወደ ሰሜን ይሆናል። ይሄን ልብ በሉልኝ።

እንግዶቹ መጡ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ለየቤቱ ቁልፍ ታደለ። ልጆቹ እየዘለሉ ጨፈሩ። ጋሽ ሰይድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አላህ እጃችሁን ይባርከው ብለው መረቁን። እኔ ደግሞ አሜን አልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከማህሌት ጋር ላየው ብሄድ ጋሽ ሰይድ በዘይነብ ተደግፈው ያንኑ ደረጃ ሲወርዱ አገኘኋቸው። አዲሱ ቁልፍ ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አዲሱ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። በጣም ጥሩ ነው፤ እጃችሁ አይንጠፍ አሉኝ። ሌሎቹንም ጠየቅሁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው። ማህሌት ግን አላማራትም፤ አንድ ነገር አለ እንጂ ለምን ይወርዳሉ አለችኝ። እኔ አዋቂው፣ ሽማግሌ የለመደውን አይተውም፣ ቀስ ብለው ይለምዱታል ብዬ ዝም አሰኘኋት። ዶክተር ሰብለ ዘንድ በገባው ሪፖርት ላይም «አገልግሎት ላይ ውሏል» ብዬ ፈረምኩ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት የግቢው ነዋሪ እትዬ አልማዝ ወርክሾፕ ስልክ ደወሉ። ጋሽ ሰይድ ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ወድቀዋል፤ ልጃቸውንም ይዘዋት ነው የወደቁት። እሷ ክርኗ ተላጠ እንጂ ደህና ናት። የእሳቸው ግን የዳሌ አጥንታቸው ተሰንጥቋል።

እኔና ማህሌት ወደተኙበት ሆስፒታል ሄድን። ዘይነብን ኮሪደር ላይ አገኘናት። እኔ፣ አፈር ልብላ፣ ከማጽናናት ይልቅ ተቆጣሁ። ደጃፋቸው ላይ ሠርተንላቸው እንዴት ያንን ደረጃ ይወርዳሉ አልኳት።

«ጋሽ ጌታቸው፣ አባባ እዚያ አይቀመጡም» አለች። «ጀርባቸውን ለቂብላ ሰጥተው እንዴት ይቀመጣሉ?»

ቂብላ ሙስሊሞች ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት፣ የመካ አቅጣጫ ነው። ከእኛ አገር ወደ ሰሜን ነው። ሰው ሲጸዳዳ ፊቱንም ጀርባውንም ወደዚያ አያደርግም። ወጣቶቹ ክፍሉ ውስጥ እንደምንም ጠመም ብለው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱም ግድ የለውም። ጋሽ ሰይድ ግን ግድ አላቸው፤ በዚያ እግራቸው ደግሞ መጣመም አይችሉም።

እኔ ካዛንቺስ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሠርግ ላይ ለብቻ እንደሚታረድላቸው አውቃለሁ። ጾማቸው መቼ እንደሚፈታ አውቃለሁ። ይሄን ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ ዘይነብን ጠየቅኋት። እንዳትናገሪ ብለውኛል አለችኝ።

ጋሽ ሰይድ አልጋ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ማህሌት ጎናቸው ተንበርክካ የንድፉን ወረቀት ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋችው። እንዴት ይሁን አባባ፣ ያሳዩን አለቻቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ በአንድ ጣታቸው ጥጉን ገፋ አድርገው ሩብ ዙር አዞሩት።

«ይቺን ታህል ብቻ ነበረች» አሉ።

ማህሌት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለምን ዝም አሉ አለቻቸው።

«አንቺ እጅሽ ተቆርጦ በጨርቅ አስረሽ ስትሠሪ በመስኮት አይሻለሁ። ያን ቀን ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሲጨፍሩ አየሁ። የገዛ ልጆቼ መሰላችሁኝ። እንዴት ብዬ አበላሽታችኋል ልበል? ደረጃውን ደግሞ ለምጄዋለሁ አልኩ።»

ይሉኝታ ይሉታል የእኛ ሰዎች። ሆድ ይፍጀው ብለው፣ ለእኛ ደስታ ብለው፣ በዚያ እግር ደረጃ ሲወርዱ ከረሙ። እኔ ደግሞ ልማድ ነው ብዬ ፈረምኩበት።

በማግስቱ ዶክተር ሰብለ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ሪፖርቱን የፈረመው ማነው አሉኝ፤ እኔ ነኝ አልኳቸው። ቀረ በቃ፣ ፕሮግራሙ ተዘጋ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ባለቤት ያለው ግድግዳ እንዲህ ነው፤ ይጣላናል» አሉ። «ሂዱና አፍርሱት። እውነቱን ለሲሚንቶ ሰጪዎቹ እኔ እጽፍላቸዋለሁ።» ጻፉም። ሰዎቹ ለአንድ ሴሚስተር ያህል ዝም አሉን፤ ኋላ ቀጠሉ።

ተማሪው ሁሉ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ማህሌትን ጨምሮ ሰባት ልጆች ቀሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ነጥብም አይያዝበት። በቅድሚያ ግቢው መሃል ኖራ አሰመርኩ። ከዚያ የግቢውን ሰው ጠርቼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ግቡና ቁጭ በሉበት አልኳቸው። መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ኋላ አንድ በአንድ ገቡ። እትዬ አልማዝ ራሳቸው ኖራው ውስጥ ቆመው፣ ነገሩን ያኔውኑ አውቄዋለሁ አሉኝ። ታዲያ ለምን አልተናገሩም ስላቸው፣ ባለቤቶቹ ዝም ሲሉ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ነው አሉ። መርገጫው ወደ ጎን ሲዞር ክፍሉ መስፋት እንዳለበት እዚያው ኖራው ላይ ታየ። አራቱ ክፍሎች ሦስት እንዲሆኑ ሁሉም ተስማማ።

አገልግሎት የጀመረ ጉድጓድ ላይ ያለ ወለል ማፍረስ ቀልድ አይደለም። መዶሻ ብታሳርፍበት ሙሉው ተደርምሶ ይገባል። ስለዚህ በመሮ ትንሽ ትንሽ እየሰበርን፣ ፌሮውን በሽቦ ከላይ ካሰርነው ሞራሌ እንጨት ላይ አንጠልጥለን፣ ስባሪውን በእጅ እየለቀምን አወጣነው። ሽታውን አልነግራችሁም። ሰባቱም አፍንጫቸውን በሻርፕ አስረው ሠሩ፤ አንድም ፊቱን ያጠቆረ አላየሁም። አዲሱን ወለል ሞልተን እንዳይሰነጠቅ ጆንያ አለበስነው። ማህሌት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እየመጣች ጆንያውን ውሃ አጠጣች። ክረምት እኮ ነው፣ ዝናቡ ያጠጣዋል ብላት፣ ዝናብ አላምንም አለችኝ። በነዚያ ሰባት ልጆች የኮራሁትን ያህል በራሴ ልጆች ኮርቼ አላውቅም፤ ልጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ይዤ በወጣሁት ተማሪ ሁሉ ላይ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሰውን ጥሩ ነው ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ የእኛ ሰው ጥሩ አይደለም አይልህም። ምን ቢሆን አትገቡበትም ብለህ ጠይቅ። ኖራው ደግሞ ለዶሮ ቤትም ቢሆን ይሰመራል። ዛሬ መንገድ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው «ጋሽ ጌታቸው» የሚሉኝ መሐንዲሶች አሉ። አንዳንዶቹ ኖራ መኪናቸው ውስጥ እንዳለ ይነግሩኛል። መሣሪያ አዳይ ላለኝ ልጅ ይሄን ንገሩልኝ።

የጋሽ ሰይድን ልጨርስ። ወደ ግቢው የተመለሱት ጥቅምት ላይ ነው፤ በከዘራ። እኔና ማህሌት ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ትንሽ ተጫወትንና ድንገት ተነሡ። ዘይነብ ልትደግፍ ስትነሣ በከዘራቸው ጠቁመው ተቀመጪ አሏት። ግድግዳው ላይ ያለውን ብረት ያዙና ጀመሩ። እኛ ያላየን መሰልን። ማህሌት የጫማዋን ክር ፈታ ታስራለች። እትዬ አልማዝ አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ጨመቁት። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ፤ በጆሮዬ ግን የከዘራውን ድምፅ እቆጥራለሁ። ዐሥራ አራት እርምጃ ያልነው ለሳቸው ሃያ ሦስት ሆነ። በሩ ተዘጋ።

ቆዩ። ዘይነብ የሻርፗን ጫፍ ስታኝክ አየኋት። እኔም አሁንም ተሳስተን ቢሆንስ አልኩ በልቤ። ኋላ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሰይድ ወጡ፣ በርሜሉ ጋ ቆመው እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ ዞር ብለው ሁላችንንም አዩን።

«ማህሌት» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«መቀርቀሪያው ከፍ ብሏል፤ ለእኔ እጅ አይመችም፤ ዝቅ አድርጊው። በሩም ሲዘጋ ይጮሃል፤ በገባሁ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማ ነው።»

ዘይነብ አባባ ብላ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ማህሌት ግን እየሳቀች፣ እያለቀሰችም፣ ደብተሯን አወጣች። እኔ በዚያ ግቢ ምርቃት ጠግቤያለሁ፤ እንደዚያ ቅሬታ ደስ ያለኝ ነገር ግን የለም።

«ሌላስ አባባ? ሌላ ያጠፋነው አለ?» አለቻቸው።

ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ቆዪ እንጂ፣ ገና መጀመሬ ነው» አሏት።